ፓካርዱ ወጣ ወይስ አወጡት

እኔ መኪና አልወድም። መንጃ ፈቃድም የለኝም፤ ሮም ውስጥ ይህን ስናገር ሰዎች በሐዘኔታ ያዩኛል። በአውቶቡስ ሄጄ በአውቶቡስ እመለሳለሁ፤ ሲዘገይብኝ እሳደባለሁ፣ ሲመጣ ይቅር እለዋለሁ። ባለፈው ሰሞን ቲቡርቲና መንገድ ላይ ቆሜ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ የጋራዡን የብረት መዝጊያ እየጎተተ ወደ ላይ አነሳው። ከውስጥ የወጣው ሽታ ባለሁበት አስቀረኝ። የቆየ ቤንዚን፣ የቆዳ ወንበር፣ እርጥብ ሲሚንቶ። አውቶቡሴ መጣ፣ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ሄደ። ሽማግሌው «ሲኞራ፣ የሚፈልጉት ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው? «አባቴ አባቴ ሸተተኝ» አይባል ነገር። ደግሞም አባቴ ሮም ውስጥ አንድም ጋራዥ ረግጦ አያውቅም። ነገሩ ያኔም ግራ ያጋባኝ ነበር፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ ለቆኛል አልልም።

ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔና እናቴ አዲስ አበባን ለቀን ሮም ከገባን ዓመት አልሞላንም። እማዬ ፊሳ ነበረች፤ ፊሳ ማለት እዚያው አሠሪዎቿ ቤት እያደረች የምትሠራ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ የፊሳ ልጆች አብዛኞቹ መነኮሳት ዘንድ አዳሪ ይገቡ ነበር። እኔን ግን ሲኞራ ኢልዳ «ትንሽ ናት፣ ብዙም አትበላ» ብለው ከእናቴ ጋር በአንድ ክፍል እንድኖር ፈቀዱልኝ። ትንሽ መሆኔ እውነት ነበር፤ የመብላቱን ነገር እያደር አዩት።

ሲኞራ ኢልዳ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጆሯቸው የደከመ አሮጊት ነበሩ። ባልየው ከአብዮቱ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ የመኪና መጠገኛ ነበራቸው። ጠቅልለው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ከዚያ ሁሉ ንብረት የነብር ቆዳ፣ ፓካርድ የሚባል ትልቅ የአሜሪካን መኪናና መካኒካቸውን ጋሽ ወልዴን ይዘው መጡ። የነብሩ ቆዳ ሳሎን ተሰቀለ። ፓካርዱ ከቤቱ ሥር ባለው ጋራዥ ገባ። ጋሽ ወልዴ ደግሞ ኤስኲሊኖ ሠፈር አንድ ክፍል ተከራይተው፣ አዘቦት ቀን የሰው ጋራዥ እየሠሩ፣ ቅዳሜ ከሰዓት እየመጡ መኪናውን ያስታምማሉ።

ለእማዬ ሥራውን ያገኙላት እሳቸው ናቸው። አባቴን ያውቁታል። አባቴ አዲስ አበባ የአንድ ደጃዝማች ሾፌር ነበር፤ ይነዳው የነበረውም ፓካርድ ነው፤ ሲበላሽ የሚወስደው ወደ ጋሽ ወልዴ ነበር። ሮም ስንመጣ አባቴ ቀረ። «ሥራ ይዞት ነው፣ ይመጣል» እባል ነበር። ፊቱን እንኳን በደንብ አላስታውሰውም፤ የማስታውሰው የኮቱን እጅጌ ነው።

ሲኞራ ኢልዳ አማርኛ ይችላሉ። ግን የተማሩት ለሠራተኛና ለመካኒክ ማዘዣ ስለሆነ፣ «ና»፣ «ሂድ»፣ «ቶሎ በል»፣ «ነገ ና» ከሚለው አያልፍም፤ ሁሉንም ለወንድ አድርገው ነው የሚያውቁት። እኔን «አንተ ልጅ፣ ና» ሲሉኝ መጀመሪያ ኋላዬን ዞሬ እፈልግ ነበር። በኋላ ግን ወጥ ቤት ስሆን ሴት፣ ሳሎን ስገባ ወንድ መሆኔን ተቀበልኩት። በዚያ ዓመት ከዚህ የባሰ ብዙ ነገር ተቀብያለሁ።

ለምሳሌ የቋንቋውን ጉዳይ። በጋሽ ወልዴ አፍ የመኪና አካል ሁሉ አማርኛ ነበር። ጎማ፣ ፍሬን፣ ኮፈን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ካቻቪቴ። እማዬም፣ ሠፈራችን ያሉ ሰዎችም እንደዚያው ሲሉ ነው የሰማሁት፤ ሌላ ስም የላቸውም። እኔ ጣልያንኛን ገና ከትምህርት ቤት እየለቃቀምኩ ነበር። አንድ ቀን መምህራችን መነኩሲት በደብተሬ ላይ ስሕተት አይተው «ጎማ አለሽ?» አሉኝ። በሚገባ አለኝ እንጂ። «ቤት ነው፤ አራት አለ፣ አንድ ደግሞ ከኋላ ተጨማሪ አለ» አልኳቸው። ክፍሉ በሳቅ ተንጫጫ። ጎማ ለካ በነሱ አፍ ላጲስም ነው።

ፋሲካ ሲቃረብ ደግሞ መነኩሲቷ «ነገ እያንዳንዳችሁ ካንዴላ ይዛችሁ ኑ» አሉ። ካንዴላ አውቃለሁ፤ ሞተሩ ላይ ተጠምዝዞ የሚገባ፣ እሳት የሚረጭ፣ ጫፉ የጠቆረ ነገር ነው። ከጋሽ ወልዴ የዕቃ ሳጥን አንዱን መርጬ፣ በጨርቅ ወልውዬ፣ በመሐረብ ጠቅልዬ ሄድኩ። ልጆቹ ሁሉ ነጫጭ ሻማቸውን ይዘው በቤተ ክርስቲያኑ በር ሲሰለፉ፣ እኔ የፓካርድ ካንዴላ በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ። መነኩሲቷ ተቀብለው አገላብጠው አዩት፤ አሸተቱትም። ኪሳቸው ከተቱትና ከሌላ ልጅ ሻማ ግማሹን ቆርሰው ሰጡኝ።

ቅዳሜ ስሞታዬን ለጋሽ ወልዴ አቀረብኩ። «ጣልያኖቹ ቃላችንን ወስደው አለቦታው ነው የሚጠቀሙበት» አልኳቸው። እሳቸው ከመኪናው ሥር ተኝተው ነበር፤ እግራቸው ብቻ ነው የሚታየው፤ እግራቸው ሲስቅ አየሁ።

«አሎራ፣ ቃሉስ የነሱ ነው» አሉ ከሥር። «መኪናውን ይዘው ሲመጡ ስሙንም ይዘው መጡ።»

«ፓካርድስ?»

«እሱ የአሜሪካኖች ነው።»

«ታዲያ የኛ ምኑ ነው?»

አንድ ብሎን አጠበቁ። «መንዳቱ። ሲቆም ደግሞ መግፋቱ።»

ስለ ፓካርድ ሲያወሩ ስለ ትልቅ ቤተሰብ የሚያወሩ ነው የሚመስለው። ክሊፐር ታናሽየው ነው፣ ልከኛው። ካሪቢያን ጣሪያውን የሚያወልቀው ቀበጥ ነው። ፓትሪሽያን በኩሩ ነው፤ የሲኞራ ኢልዳ መኪና እሱ ነው፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ ከጋራዡ ግድግዳ እስከ ግድግዳ። አባቴ ይነዳው የነበረው ግን ከሁሉም የቀደመው ትውልድ ነው። በሱ ጊዜ ስምንቱ ሲሊንደር እንደ ተማሪ በአንድ መስመር ተሰልፎ ነው የሚቆመው፤ ለዚህ ነው አፍንጫው የሚረዝም። የፊቱ ብረት አናቱ ላይ እንደ ቀንበር ጎበጥ ይላል፤ ከሩቅ ሲመጣ ፓካርድ መሆኑ በዚያ ይታወቃል። ሞተሩ ተነስቶ ሳለ ሳንቲም በጠርዙ ቢያቆሙበት አይወድቅም ይሉ ነበር ጋሽ ወልዴ። «አባትሽ ሲነሳ መነሳቱን የሚያውቅ የለም። ደጃዝማቹ ‹ለምን አንሄድም?› ሲሉ ጉለሌ ደርሰዋል።»

የኛው ግን፣ ማለቴ የሲኞራዋ፣ ሌላ ተአምር ነበረው። ባሌስትራ የለውም። ሌላው መኪና ሁሉ በባሌስትራ፣ ማለት በተደራረበ ብረት፣ ወይም በጥቅል ሽቦ ነው የሚቀመጠው፤ ይሄ ግን ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የተዘረጋ ረጅም የብረት ዘንግ አለው። የፊቱ ጎማ ጉድጓድ ሲመታ ዘንጉ ይጠመዘዛል፤ ሲጠመዘዝ የጉድጓዱን ምት ለኋላው ያካፍለዋል፤ ተሳፋሪው ምንም አይሰማውም። እማዬ አንሶላ ስትጨምቅ እንደምታጣምመው ያለ ነው አሉኝ። እሱስ ገባኝ። ያልገባኝ ሌላው ነው። ሲኞራ ኢልዳ ወርደው ከኋላ ወንበር ሲቀመጡ የመኪናው ጭራ ዝቅ ይላል። ዝም ብሎ ይቆያል። ያስባል። ከዚያ ከሥሩ ዝዝዝ የሚል ድምፅ ይሰማና፣ ማንም ሳይነካው፣ ሲኞራዋን እንደ ተሸከመ ቀስ ብሎ ቀና ይላል።

ጋሽ ወልዴ ዘንጎቹን መልሳ የምታስተካክል ትንሽ ሞተር መኖሯን በካቻቪቴያቸው እየጠቆሙ አሳይተውኛል። አየኋት፤ አላመንኩም። መኪናው ሰው እንደሚሰማው ወሰንኩ። ስገባበት ግን ለኔ ንቅንቅ አይልም፤ ክብደቴ አይቆጠርም ነበር። አንዳንድ ቀን ሁለት ጡብ አቅፌ እቀመጥና እጠብቀዋለሁ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ግራ መጋባት ልምጣ። ከአዲስ አበባ፣ የአባቴ ወንድም ጋሽ ታደሰ አንዳንድ እሑድ ይደውላል። ስልኩ የሲኞራዋ ኮሪደር ላይ ነው፤ መዘውሩ በቁልፍ ተቆልፏል፤ መቀበል እንጂ መደወል አይቻልም። እማዬ ስልኩን በሁለት እጇ ትይዝና እንዲህ ታወራለች፦

«ፓካርዱ እንዴት ነው? አሁንም ጋራዥ ነው? ዘይት ትወስዱለታላችሁ? ይቀበሏችኋል? ዕቃው ባዶውን ይመለሳል? እግዚአብሔር ይመስገን። ሞተሩስ? ሞተሩ ደህና ነው?»

ዛሬ ሲጻፍ ማንም ይገባዋል። ፓካርዱ አባቴ ነው። ጋራዡ እስር ቤት ነው። ዘይቱ ቤተሰብ በየቀኑ የሚያመላልሰው ስንቅ ነው፤ ዕቃው ባዶውን ከተመለሰ የሚበላው ሰው አለ ማለት ነው። ስልኩን ማን እንደሚያዳምጥ አይታወቅምና፣ እማዬና ጋሽ ታደሰ ከመለያየታቸው በፊት የተስማሙበት ቋንቋ ነው። ለኔ ግን የነገረኝ የለም። ልጅ ሰምቶ ያወራል ተብሎ ይሆናል፤ ፈርተውልኝም ይሆናል።

እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። አባቴ ያልመጣው መኪናው ስለተበላሸ ነው። ከመኪናው ጋር ጋራዥ ውስጥ ተቀምጦ ጥገናው እንዲያልቅ እየጠበቀ ነው። መኪናው ከተሠራ ነድቶት ይመጣል። ስለዚህ ያ ፓካርድ ምኑ እንደታመመ ማወቅ ነበረብኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጋሽ ወልዴ ሥር የማልጠፋው በመኪና ፍቅር አይደለም። አባቴን ፈልጌ ነው።

«ጋሼ፣ መኪና ዘይት በየቀኑ ይጠጣል?»

«ደህና መኪና አይጠጣም። ምነው?»

«የኛ ፓካርድ ግን በየቀኑ ይወስዱለታል። ምኑ ነው የተበላሸው?»

ጋሽ ወልዴ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «ምንም አልተበላሸም» አሉ። «ያለ ጥፋቱ ነው የገባው።»

«ሳይበላሽ ጋራዥ ይገባል?»

«በዚህ ዘመን ይገባል።»

«ታዲያ ለምን አይለቁትም?»

«እሱን መካኒኮቹን መጠየቅ ነው፣ ልጄ» አሉና ከመኪናው ሥር ተመልሰው ገቡ። ያን ቀን በጣም ተናደድኩባቸው። መልሳቸውን ሁሉ እንደ ካንዴላ አንድ በአንድ አውጥቼ አየሁት፤ የሚገጥም አልነበረም።

በዚያ ጸደይ የሲኞራ ኢልዳ የወንድማቸው ልጅ ሊያገባ ነበር። ሙሽሮቹ በፓካርዱ ይሂዱ ተባለ። መኪናው ከቆመ ዘመን ቆጥሯልና፣ ጋሽ ወልዴ ቅዳሜውንም እሑዱንም እየመጡ ሲፈቱ ሲገጥሙ ከረሙ። አንድ ቅዳሜ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አሳለው፤ ከዚያ ተነሳ። ድምፁ ትልቅ አልነበረም፤ ወለሉ ነው የሚንቀጠቀጠው። ሲኞራዋ ባርኔጣቸውን አድርገው ከኋላ ተቀመጡ። ጋሽ ወልዴ «ልናወጣው ነው፤ ዞር በይ» አሉኝ። መኪናው ከዓመታት በኋላ ወደ ብርሃን ሲወጣ አየሁና ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወደ ላይ ሮጥኩ።

«እማዬ፣ ፓካርዱ ወጣ።»

እማዬ አንሶላ እየተኮሰች ነበር። ካውያውን አንሶላው ላይ እንዳለ ለቀቀችው። ተንበርክካ ወለሉን ሳመች፤ እኔን ያዘችኝ፤ ፊቴን፣ እጄን፣ ፀጉሬን ሳመችኝ። «ማን ነገረሽ? መቼ ደወለ? ምን አለ?» ትላለች። ማንም አልደወለም፤ እታች በሩ ላይ ነው ያለው፤ ነይ እይው አልኳት። በባዶ እግሯ ወረደች። እንደዚያ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። ከበሩ ውጪ አረንጓዴው መኪና ቆሟል፤ ጋሽ ወልዴ መሪውን ይዘው ይስቃሉ፤ ሲኞራዋ እንደ ንግሥት እጃቸውን ያውለበልባሉ። እማዬ መስኮቱን ይዛ ወንበሮቹን አንድ በአንድ አየች፤ የፊቱን፣ የኋላውን፣ እንደገና የፊቱን። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

ጋሽ ወልዴ ፊቷን ሲያዩ ሞተሩን አጠፉ። ወርደው አጠገቧ ቆሙ። «አስካለ፣ የኔ ጥፋት ነው። ማስጠንቀቅ ነበረብኝ» አሏት። እኔ ምን እንዳጠፋሁ፣ ጋሽ ወልዴስ ምን እንዳጠፉ አልገባኝም፤ መኪናው እንደሆነ ወጥቷል። ላይ ሆኖ አንሶላው ሲቃጠል ይሸታል።

ማታ ስታስተኛኝ እንዲህ አለችኝ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ‹ወጣ› የሚል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ።» ቀልድ አልነበረም። እኔም ቃሌን ጠበቅሁ። አፍ የፈታሁበትን ቃል መጣል ቀላል አይደለም፤ ፀሐይ ወጣች አይባልም፣ ከትምህርት ቤት ወጣሁ አይባልም። «ፀሐይ መጣች» እላለሁ። «ትምህርት ቤቱን ተውኩት» ስላት ደግሞ በድንጋጤ ክው አለች።

እንግዲህ ጋሽ ታደሰ የደወለው በዚህ መሐል ነው። እሑድ ነበር፤ እማዬ ሰገነት ላይ ልብስ ታሰጣለች፤ ሲኞራዋ አይሰሙም። ስልኩ ሲጮህ እኔ አነሳሁት።

«ፕሮንቶ።»

መስመሩ ያፏጫል፤ የራሴ ድምፅ ተመልሶ ይመጣብኛል። «ማነሽ? ሰብለ ነሽ? እናትሽን ጥሪያት» አለ ጋሽ ታደሰ።

«ልብስ እያሰጣች ነው።»

«ጊዜ የለኝም። እንዲህ በያት፤ ከእንግዲህ ዘይት አታምጡ ብለውናል። ፓካርዱ...» ፉጨቱ ሸፈነው። ከፉጨቱ ሥር ሌላ ቃል መጣ፤ ሰማሁት፤ ያ የተከለከለው ቃል ያለበት ነበር። መስመሩ ተቆረጠ።

ወደ ሰገነቱ እየወጣሁ እንዴት እንደምናገረው አሰብኩ። ቃሉ ክልክል ነው። ባለፈው ስናገረው እማዬን ምን እንዳደረጋት አይቻለሁ። ስለዚህ ሌላ ቃል ፈለግሁለት፤ ደርሼም «ጋሽ ታደሰ ደውሎ ነበር። ዘይት አታምጡ ተብለዋል። ፓካርዱ ጋራዥ ውስጥ የለም» አልኳት። በጥንቃቄዬ ኮርቼ ነበር።

እማዬ እርጥቡን ፎጣ እንደያዘች ቆመች። «የቱ ፓካርድ?»

«የስልኩ።»

«የለም ነው ያለው? ‹የለም› አለ?»

«እንደዚያ አላለም። እኔ ነኝ ያልኩት።»

«እሱ ምን አለ?»

ያን ጊዜ ልመልሰው ብፈልግ ቃሉ ከአፌም ከራሴም ጠፍቷል።

ሰው ተልኮባቸው ጋሽ ወልዴ ወዲያው በትራም መጡ። ወጥ ቤት ተቀመጥን፤ ጠረጴዛው ላይ እማዬ የምትልጠው ካርቾፊ የሚሉት አትክልት ተከምሯል፤ የሲኞራዋ ምሳ ነው፤ ባል ቢታሰርም ባይታሰርም ካርቾፊ ይላጣል። ጋሽ ወልዴ ሞተር ሲመረምሩ እንደሚያደርጉት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ከጫፍ ጀመሩ። «ሰብሊ፣ ዛሬ ተፈቅዶልሻል። ቃሉን በይው። አጎትሽ ፓካርዱ ወጣ አለ፣ ወይስ አወጡት ነው ያለው?»

ልዩነቱ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን እስረኛ ወጣ ከተባለ ቤቱ ገብቷል። አወጡት ከተባለ ግን፣ ስሙን ጠርተው፣ ከጓደኞቹ መሐል ለይተው፣ የማይመለስበት ወስደውታል። ለሁለቱም ስንቅ አታምጡ ይባላል። በአንዲት ቃል መነሻና መድረሻ ላይ አባቴ ወይ አለ፣ ወይ የለም፤ ያችን ቃል የሰማሁት ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።

እኔ ግን በልጅ ልቤ ጥያቄው ራሱ ሞኝነት ነው። ለዚያ ሁሉ ጊዜ ስለ መኪና ያስተማሩኝ እሳቸው አይደሉም? «ያው ነው» አልኳቸው። «መኪና በራሱ አይወጣም። ሰው ነው የሚያወጣው።»

እማዬ ቢላዋውን አስቀመጠች። ጋሽ ወልዴ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ድምፁስ? ያለቅስ ነበር?» አሉኝ።

«ይቸኩል ነበር።»

«በደስታ ነው የሚቸኩለው ወይስ በፍርሃት?»

«ስልኩ ነው የሚያለቅሰው» አልኩ፤ እውነቴን ነው፤ ፉጨቱ ልቅሶ ይመስል ነበር። ይህን ባልናገረው ይሻል ነበር።

«በቃ ልጅቷን አያስጨንቋት፣ ጋሼ» አለች እማዬ። «እኔ ነኝ አፏን የዘጋሁት።»

«እንግዲያስ ነገውኑ ሄደሽ ደውይ።»

«ሐሙስ ነው የዕረፍቴ።»

«ሲኞራዋን እኔ አስፈቅድልሻለሁ።»

«አይደለም» አለች ዝቅ ብላ። «እስከ ሐሙስ ይቆየኝ።»

ያን ጊዜ የዕረፍት ቀኗን አክብራ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ እስከ ሐሙስ ድረስ ባል ነበራት። ከቁም ሳጥን ጥቁር ቀሚሷን አውጥታ በበሩ ላይ ሰቀለችው፤ አልለበሰችውም፣ አልመለሰችውም። ስታልፍ ስታገድም በትከሻዋ ትነካዋለች። ልታለቅስ ስትል ታቆማለች፤ ልትስቅ ስትልም እንደዚያው። እኔ በበኩሌ ወደ ጋራዥ እየወረድኩ አረንጓዴውን መኪና አየዋለሁ። እዚያው ነው። ምን እንደሚፈልጉ አላወቅሁም፤ ፓካርድ ከሆነ የጠፋባቸው አንድ አለ፣ ቤንዚን የሞላው፣ የሚሠራ። አንዱን በአንዱ ለምን እንደማይተኩት አልገባኝም። እናቴ እንደዚያ ስትሆን ማየት ግን በጣም ያስፈራኝ ነበር፤ ፍርሃቱን በደንብ አስታውሰዋለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ሄድን፤ እዚያ የውጭ አገር የሚደወልበት የስልክ ቤት ነበር። እማዬ ነጠላዋን በኮቷ ላይ ደርባለች። ቁጥሩን ለሠራተኛዋ ሰጥተን አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። አጠገባችን የፊሊፒንስ ሴቶች፣ የኛም አገር ሰዎች፣ ሁሉም የየራሱን አገር ስም እስኪጠሩለት ይጠብቃል። ስንጠብቅ እማዬ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች።

«ምናልባት እኔ መናገር ካቃተኝ አንቺ ትጠይቂያለሽ። ወጣ ወይስ አወጡት? በቃ ይኼንን ብቻ። የሚልሽን እንዳለ ትነግሪኛለሽ።»

«እንዳለ» አልኳት።

«አዲስ አበባ» ተብሎ ተጠራ። ካቢናው ጠባብ ነበር፤ የሰው ትንፋሽና የሲጋራ ሽታ አለው። እማዬ ስልኩን አነሳች፤ ወደ ጆሮዋ አላደረሰችውም። ደረቷ ላይ ያዘችው። ከውስጡ የሩቅ አገር ስልክ ሲጠራ ይሰማል፤ አንድ ጊዜ፣ ደግሞ፣ ደግሞ። ጥሪው ሲቆም የኔ ጆሮ ላይ ለጠፈችው።

«አሎ» አለ የወንድ ድምፅ። ጋሽ ታደሰ አልነበረም። ወፈር ያለ፣ የደከመ፣ የማላውቀው ድምፅ ነው።

«አሎ። ከሮም ነው። ሰብለ ነኝ።»

ሰውየው ይተነፍሳል።

«እናቴ ጠይቂ ብላኝ ነው» አልኩ። «ፓካርዱ ወጣ ወይስ አወጡት?»

መስመሩ የተቆረጠ መሰለኝ። ከዚያ ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ። «ወጣ በያት» አለኝ። «በእግሩ ነው የወጣው።»

ይሄ ሰው ስለ መኪና ምንም አያውቅም አልኩ በልቤ። «መኪና እግር የለውም» አልኩት።

«ይኼኛው አለው። ትንሽ ያነክሳል እንጂ አለው።»

እማዬ ክንዴን ይዛ ነበር፤ ጥፍሯ ይሰማኛል። «ምን አለ? ምን አለሽ?»

«ወጣ ይላል። በእግሩ ነው የወጣው ይላል። ትንሽ ያነክሳል ይላል።»

«ማነው? ማነው እንደዚህ የሚለው? ታደሰ ነው?»

«አይደለም።» አፌን ወደ ስልኩ መለስኩ። «ማን ልበላት?»

ሰውየው ሊስቅ ነበር መሰለኝ፤ ድምፁ መንገድ ላይ ተሰበረ። «ፓካርዱ ራሱ ነው የሚያወራው በያት» አለ።

ነገሩ ጨርሶ አልገባኝም። ወደ እናቴ ዞርኩና፣ ቃል ገብቼላት ነበርና፣ አንድም ሳልለውጥ እንዳለ ነገርኳት።